ኪፕታኑይ ገና አልተቀመጠም

የናፈቅሽኝ እህቴ ቼሙታይ፣

እንዴት ነሽ? የሞምባሳ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ይጠዘጥዝሻል? እንቅልፍሽስ? ምግብ ትበያለሽ? የምትሠሪላቸው ሰዎችስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ቆመን እንሄዳለን። ዝናቡ ዘንድሮ አልጨከነብንም፣ ሻዩ አቆጥቁጧል፣ ግራጫዋ ላምም ወልዳለች። ሌላ የሚያሳስብ ነገር የለም ብዬ ብጽፍልሽ ምንኛ ደስ ባለኝ ነበር።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እንደ ሁልጊዜው መጀመሪያ የጠየቅሽኝ «ልጄ ተቀመጠ ወይ?» ብለሽ ነው። አሠሪሽ ራሱን ችሎ ከተቀመጠ አምጪውና አጠገብሽ ይደግ እንዳለችሽ አውቃለሁ። ይህን ስለማውቅ ነው ለመጻፍ እጄ የከበደው። እህቴ፣ ኪፕታኑይ አልተቀመጠም። አንገቱም ገና አልጸናም።

ጊዜው ደርሷል ስንል ባለቤቴ አራፕ ሶይ እንደ ወጋችን ደጃፉ ላይ የመቀመጫ ጉድጓድ ቆፈረለት። የጎረቤታችን የቼላንጋት ልጅ እኩያው ስለሆነች ለእሷም አጠገቡ ቆፈረላትና ሁለቱን ወገባቸውን በጨርቅ ደግፈን ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። ልጅቷ እንደ ሹም ተኮፍሳ ዶሮዎቹን መቆጣት ጀመረች። የእኛው ግን ጎኑ ይታጠፍና አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቃል። አማቴ ኮጎ መጥታ አየችና ልጇን «ይህ ለሕፃን ነው ወይስ ድንች ልትተክልበት ነው?» አለችው። እሱም «እማ፣ እኔን ያስቀመጥሽኝ ጉድጓድ ከዚህ ይሻል ነበር?» ቢላት «አንተማ እስከ ዛሬ መች ተነሳህ!» አለችው። ሁላችንም ሳቅን። ያኔ ገና እንስቅ ነበር።

እሷ ጠለቅ ይበል ስላለች እንደገና ተቆፈረ። እስከ ብብቱ ቢይዘውም ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ተንጋለለ። አፈሩ ልል ሆኖ ነው ተባለና ጎተራው ሥር ካለው ጠንካራ መሬት ላይ ሌላ ተቆፈረ። የቼላንጋት ልጅ ከጉድጓዷ ወጥታ መዳህ ስትጀምር እኛ ገና እንቆፍራለን። ቼላንጋት «ሰው ሲቆፍር ውሃ ያወጣል፣ እናንተ ግቢውን ወንፊት አደረጋችሁት» ብላ ቀለደች። ክፋት እንደሌላት ታውቂያለሽ፤ ግን እኔ ያን ዕለት ከእሷ ጋር ሻይ ለቀማ አልሄድኩም። አንድ ቀን ጠዋት ኮጎ አሁንም ሌላ ቦታ ስታሳየው አራፕ ሶይ ዶማውን አነሳና እቅፌ ላይ ያለውን ልጅ ትኩር ብሎ አየው። ከዚያ ዶማውን አስቀመጠው። «እማ፣ አፈሩ ምን አደረገ?» ብሏት ወደ ከብቶቹ ሄደ። ከዚያ በኋላ ማንም ስለ ጉድጓድ አላነሳም።

ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ነርሷ የሉኦ ጎሣ ሴት ናት፣ ወጋችንን አታውቅም፤ እጇ የለሰለሰ። ሁለት እጆቹን ይዛ ቀስ ብላ ስታነሳው ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ቀረ። ቁልፍ ስታንቃጭልለት ግን ዓይኑን አዞረላት። «ሲወለድ ወዲያው አለቀሰ?» ብላ ጠየቀችኝ። የመለስኩላት መስሎኝ «ስሙ ኪፕታኑይ ነው» አልኳት። «ስሙን አልጠየቅኩሽም፣ እናቴ» አለችኝ። በእኛ ዘንድ ሲወለድ ትንፋሽ አጥሮት የቆየ ልጅ ይህ ስም እንደሚወጣለት ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ታዲያ ይህን ነገር በየቀኑ ስትጠሩት ነበር እኮ» አለች።

ኪፕታኑይ የሚባል ስንት ጎረምሳ አለ በሰፈራችን፤ አንዱ መምህር ነው፣ አንዱ በሩጫ የሚደርስበት የለም። እኛ ስሙን ሰጥተን ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር። ነርሷ እንዳለችው አየር ባጣባት በዚያች ጊዜ አንጎሉ ተጎድቷል። ዘግይቶ ሊቀመጥ ይችላል፣ ላይቀመጥም ይችላል፤ አሁን ማወቅ አይቻልም አለችኝ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ያን ቀን አጠገብሽ ነበርኩ፣ ምን ያህል እንደጣርሽ አይቻለሁ። ይህን ቃሌን አምኚኝ።

እግሮቹ እንዳይገተሩ እንዴት እንደማፍታታለት አሳይታኛለች፤ ጠዋትና ማታ እሠራለታለሁ። ጥጃዋ ስትጮህ ይስቃል። «አጉ» ይላል። ጨብጦት የሚውለውን እጁን በዚህ ሳምንት ከፈተና ጣቴን ያዘኝ። ደስ ብሎኝ ልጮህ ስል ይህ ያንቺ ጣት መሆን የነበረበት ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ቼሙታይ፣ አሠሪሽ ያለችው ቀን ላይመጣ ይችላል። ሥራሽን ልቀቂ አልልሽም፤ ያንን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ሲቀመጥ እወስደዋለሁ ያልሽውን ግን ተይውና እንዲሁ ነይ። የሰው ድምፅ ይለያል፤ እኔ ስናገር ዞር ይላል፣ ኮጎ ስትናገር ዞር ይላል። ያንቺን ግን ከየት ይወቀው? ለጥቂት ቀን ቢሆንም ነይና አናግሪው።

አራፕ ሶይ ሰላም ብሎሻል። ስትመጪ ከአውቶቡሱ መውረጃ ድረስ መጥቼ እቀበላታለሁ በያት ብሎኛል። ልጆቼ ሁሉ እጅሽን ይስማሉ። ቼላንጋት ሰላም ብላሻለች፤ ሰሞኑን ወተት በቅል ይዛልን መጥታ ነበር፣ ልጁን አቅፋልኝ ዋለች። ኮጎም ሰላም ብላሻለች። ይህን ስጽፍልሽ ፀሐይ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች፤ ኪፕታኑይን ደረቷ ላይ አስደግፋ፣ አንገቱን በመዳፏ ይዛ ጥጃዋን እያሳየችው ነው። ስጪኝ ብላት እምቢ አለችኝ።

የምትወድሽ እህትሽ ታፕራንዲች
ሲሊብዌት፣ ቦሜት
ሴፕቴምበር 14 ቀን 1991