ቄራው በእናቴ ግቢ

ማክሰኞ፣ የካቲት 10። ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ከሥራ መልስ።

ፕላኑ ላይ የቄራውን ወለል ዛሬም ቀየርኩት። ውሃው ከንጹሑ ክፍል ወደ ቆሻሻው ይውረድ እንጂ ወደ ኋላ አይመለስ። ግድግዳና ወለል የሚገናኙበት ማዕዘን ክብ ይሁን፣ ደም የሚሸሸግበት ስንጥቅ እንዳይኖር። ልጄ ሩት ኮምፒውተሯ ላይ እየሳለችልኝ ነው። ማሚ፣ ፍሎሩ ጥሩ ነው፣ በቃ፣ አለችኝ። ጥሩ አይደለም። አገር ቤት ሥጋ መርማሪ የነበርኩት እኔ ነኝ ወይስ እሷ?

አሁን እዚህ ባሕር ማዶ፣ ሆቴሉ ምድር ቤት ለቡፌ የአሳማ ጎድን እቆርጣለሁ። ላይ ሰው ካዚኖ ይጫወታል፣ ታች እኛ ካፖርት ደርበን እንቆርጣለን። ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። አውቶቡስ ይዤ ዊትኒ፣ ሰፈሬ፣ እስክደርስ ጣቶቼ አይታዘዙኝም።

ስማ ደብተር። አገር ቤት አነስተኛ የአሳማ ቄራ ላሠራ ነው ስል ሰው ቢዝነስ ይመስለዋል። ላንተ አልዋሽም። ለታደለ ነው።

ታደለ ታናሽ ወንድሜ። ደብረ ዘይት ዳር፣ እናታችን ግቢ ውስጥ አሳማ ያረባል። እንዲያረባ የነገርኩት እኔ ነኝ፣ ከዚህ ሆኜ፣ በስልክ። እማዬ እንደኔ ጴንጤ አይደለችም፣ ኦርቶዶክስ ናት። አልተቆጣችም፣ ግቢውን በቆርቆሮ ለሁለት አስከፈለች። አሳማ የነካ እጅ ደጇን አያልፍም። ስለዚህ ታደለ ምሳውን ከአጥሩ ማዶ ይበላል፤ ውሃ በሌለበት፣ ሽንት ቤት በሌለበት፣ ጆንያ አንጥፎ በሚያርድበት። ከሦስት ዓመት በፊት ድንገት ጣለው። የጭንቅላቱ ፎቶ ላይ የኮሶ ትል እጭ ታየ። መድኃኒት ይውጣል፤ ሲደክመው ግን አሁንም ይጥለዋል።

ጎረቤቱ እርግማን ነው ይላል። እርግማን አይደለም። ትሉ ካለበት ሰው የሚወጣ እንቁላል ነው፣ ባልታጠበ እጅ አፍ ይገባል። ይህን ስንት ሰው አስተምሬአለሁ። ለገዛ ወንድሜ ግን አሳማ ግዛ አልኩት እንጂ መጀመሪያ ቧንቧ አስገባ አላልኩትም።

ዓርብ፣ የካቲት 13። ብሬክ ላይ፣ ከጧቱ 3:30።

ደወልኩለት። ሁሉን ነገርኩት። ማደንዘዣው ክፍል እዚህ፣ ማንጠልጠያው እዚህ፣ ጠጉር የሚላጭበት የሙቅ ውሃ ገንዳ ቀጥሎ፣ ሆድ ዕቃ የሚወጣበት ለብቻው። ሽንት ቤት ለሠራተኛ፣ የግድ። የፍሳሹ ጉድጓድ በግቢው ታችኛ ጫፍ። ከሳተላይት ፎቶው እንደማየው ከዚያ በታች አረንጓዴ ነው፣ የተረፈውን ሣሩ ይጠጣዋል።

እሺ እትዬ፣ አለ። ሁሉንም እሺ። ጉድጓዱን ማክሰኞ ማስቆፈር ይጀምራል። እንዲህ የሚታዘዝ ወንድም ለማን ተሰጥቷል። ደስ ብሎኝ ወደ ብርዱ ተመለስኩ።

እሑድ፣ የካቲት 15። ከቤ/ክ መልስ።

ከጎኔ የምትቀመጠዋ እህት ስለ ቄራው ሰምታለች። ጸልየሽበታል ወይ አለችኝ። ጸልየሽበታል ወይ ማለት ይደብራል ማለት ነው። ወንጌል ከኦሪት ነፃ አውጥቶናል ብለን እንዘምራለን፤ አሳማ ሲነሳ ግን ሁላችን ሌዋውያን ነን። እኔም ብሆን እየቆረጥኩት ስንት ዓመቴ፣ አንድ ቀን ቀምሼው አላውቅም። ሳቅሁ። ሜሪላንድ ፓርክዌይ መንገድ ላይ ካለው የሐበሻ ሱቅ በርበሬ ገዝቼ ገባሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 17። ብሬክ ላይ።

ታደለን ጣለው። ቢላ በእጁ እንደያዘ፣ እያረደ።

እጁን ክፉኛ ቆርጦታል፣ ተሰፍቷል። ስልኩን ያነሳችው እማዬ ናት። ጩኸቱን ሰምታ በአጥሩ በኩል ገባች። ያን አጥር ከተሠራ ጀምሮ አልፋው አታውቅም። በዐቢይ ጾም፣ ከአሳማ ደም ውስጥ ልጇን ጎትታ አወጣችው፣ እጁን በነጠላዋ ጠመጠመችው። ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ አልተለወጠም። እኔ ማቀዝቀዣው በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

እንደ ማጽናኛ ጉድጓዱ ተጀመረ ወይ አልኳት። ዛሬ ጧት ጀምረዋል አለች። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። ልጄ፣ ጉድጓዱ ሲያልቅ የሱን ውሃ ከየት ልቅዳለት?

የምን ውሃ?

ጸበሉን ነው፣ አለችኝ። ከግቢው ታች ያለው ምንጭ። እኔ ሳውቀው ከብት ይጠጣበት ነበር፤ ፕላኑን ስሠራ ጨርሶ ረስቼዋለሁ። እኔ ከወጣሁ በኋላ ጸበል ሆኗል፣ ሰው ይድንበታል። እማዬ በየጧቱ ወርዳ ትቀዳለታለች፣ በባዶ ሆዱ ይጠጣል። አረንጓዴው እሱ ነው። እኔ ሣር ያልኩት።

ረቡዕ፣ የካቲት 18። ከሰዓት።

በጸበል አላምንም፣ ታውቃለህ። ግን ጸበሉን ተወው። ከምንጭ በላይ ፍሳሽ አይቆፈርም፤ ይህ የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ነው። የቄራውን ደምና የሽንት ቤቱን ቆሻሻ ወንድሜ በየጧቱ ወደሚጠጣው ውሃ ልለቅ ነበር። ያንኑ እንቁላል፣ በፕላን፣ በልኬት። በገዛ እጄ ላጠጣው ነበር።

ዛሬ በብሬክ ቁፋሮውን አስቆምኩ። ለምን አልነገርከኝም ብዬ ጮህኩበት፣ እጁ በተሰፋው ሰው ላይ። አንቺ የተማርሽ፣ ታላቄ፣ ለእኛ ብለሽ ስትደክሚ እንዴት እምቢ ልበልሽ አለኝ። ይሉኝታ። ይኼ ይሉኝታ ነው የሚገድለን። ስንት እሺ ብሎኛል እስከ ዛሬ? አሳማ ግዛ ስለውም እሺ ነበር ያለኝ።

እሑድ፣ የካቲት 22። ከጧቱ 2 ሰዓት።

ሩት ፕላኑን አዞረችው። ከፍ ያለው ቦታ ላይ ከሆነ ተዳፋቱ ወደ ሌላው ወገን ነው፣ ምንጭም የጉድጓድ ውሃም የለበትም። ንፋሱም ከመንደሩ ይርቃል። እዚህ ፐርፌክት ነው ማሚ፣ አለችኝ። ጣቷን ያሳረፈችበት ቆርቆሮ ጣሪያ የአያቷ ቤት ነው። አታውቀውም፣ በምን ታውቀው። ዝጊው አልኳት። ምን አጠፋሁ አለች። ምንም አላጠፋሽም፣ ዝጊው።

ቤ/ክ ከመሄዴ በፊት ታደለን በስልክ አገኘሁት። ያለው አማራጭ ቦታ የእማዬ ቤት ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ አይነካም፣ ስለዚህ አሳማውን ተወው አልኩት። እሺ አለ። ያችን እሺ ግን አልተቀበልኳትም። የሆድህን ንገረኝ፣ ታላቅህ መሆኔን እርሳው አልኩት። አልተውም እትዬ አለኝ። የሚጥለው ተብሎ ማንም ሥራ አይሰጠውም፤ ሰው ሆኖ የቆመው በአሳማዎቹ ነው። በእድሜው የመጀመሪያ እምቢታው ይመስለኛል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ አልቻልኩም። ከተወው ሥራ የለውም፣ ካልተወው ነገም ጆንያ ላይ ያርዳል።

ሰኞ፣ የካቲት 30። ከቀኑ 8 ሰዓት።

እማዬ ቆብ ጫነች።

ዛሬ ነው የሰማሁት። ካደረገችው አራት ቀን ሆኗታል፤ ታደለ እንዴት እንደሚነግረኝ ጨንቆት። ስለ ቤቱ ያልኩትን ነግሯት ኖሯል። በማግሥቱ ንስሐ አባቷ ጋ ሄደች። ልመንኩስ ብላ ስትለምናቸው ብዙ ዓመቷ ነው፣ ልጆችሽን አስቢ እያሉ ያቆዩአት ነበር። አሁን ቤ/ክ ግቢ ውስጥ ካሉት እናቶች ጋ አንዲት ክፍል ተሰጥቷታል። ብርድ ልብሷንና የጸሎት መጽሐፏን ይዛ ወጣች። ቤቱ ባዶ ነው፣ እህትህ እንዳለችው አድርጉ ብላዋለች።

እኔ እንደዚያ አላልኩም። አይነካም ነው ያልኩት። ግን ስሙን ያነሳሁት እኔ ነኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ።

ሲመነኩሱ እንደ ሞተ ሰው ፍትሐት ይደረጋል። እናቴ በቁሟ ፍትሐት ተደረገላት፣ እኔ ያን ሰዓት ጎድን እቆርጥ ነበር። ስሟ ተለውጧል። ታደለ እማሆይ እያለ ይጠራታል፣ አፉ እየተሰናከለ። ካሁን ወዲያ እዚያ ግቢ አትገባም። እኔስ ብሄድ ምን ብዬ ልጥራት? ሩት ገብታ ስታለቅሺ ነበር አለችኝ። ሽንኩርት ነው አልኳት። ሽንኩርት አልነበረም ጠረጴዛው ላይ።

ዓርብ፣ መጋቢት 4። ብሬክ ላይ፣ ከዚያ ቤት።

ሁለት ሌሊት ሳልተኛ ዛሬ ደወልኩ። ቤቱን መልስላት፣ ትመለስ አልኩት። አትመለስም እትዬ አለ፤ ቆብ የጫነ ሰው ተመልሶ ወዴት ይገባል? ሊጠይቃት ሄዶ ነበር። እጁን ገልጣ ስፌቱን አየች። ሥራው ንጹሕ ይሁን፣ ካሁን በኋላ ደም ውስጥ እንዳትወድቅ፣ የሚያነሳህ የለም አለችው። ጸበሉን አሁንም ከምንጩ ራሷ ቀድታ ታቆይለታለች፣ ከቤ/ክ አጥር ውጪ ቆሞ ይቀበላታል።

እንግዲህ ቄራው እማዬ ቤት ቦታ ላይ ይሠራል። ኃላፊነቱ የኔ ነው፣ ግን እሺ አላስባልኩትም፤ ምን እናድርግ ብዬ ጠየቅሁት፣ እሱም እንሥራው አለ።

አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እማዬ በሯ ላይ ቀይ የፕላስቲክ ጆግና ሳሙና ሁልጊዜ ነበራት። ቄስም ይሁን ጎረቤት ሳይታጠብ የገባ የለም። እኔ፣ የተማርኩት፣ የእጅ መታጠቢያውን ፕላኑ ላይ ያደረግሁት በስተ ኋላ፣ ዕቃ ቤቱ ጥግ ነው። ቦታ ስለተረፈ።

ጆጓን ይዛት ሄደች ወይ አልኩት። አልያዘችም። በሩ ላይ ናት አለኝ፤ ውሃ ሞልታባት ነው የሄደችው።

ሩት ከትምህርት ስትመጣ መታጠቢያውን በሩ ላይ አስደረግኋት። ከሁሉ በፊት የሚሠራው እሱ ነው፣ ከወለሉም በፊት። ለታደለ ላክሁለት፦ የቤቱን ግድግዳ አፍርሱ፣ ጣሪያውን አውርዱ። ጆጓን ማንም አያንሳ። ቧንቧው እስኪገባ አንተም ሠራተኛውም በእሷ ታጠቡ።