መፍጠን ሌላ፣ መቅደም ሌላ

ኅዳር 4 ቀን 1974
ብርድ። ሁለት የጠረጴዛ ሰዓት ጠገንኩ። ከሱቄ ፊት ለፊት ደምለው የሚባል ሰዓት ሠሪ ጠረጴዛ ዘርግቷል። ከአስመራ ነው አሉ። ሠላሳ አይሞላውም። ደባርቅ ስንት ሰዓት አላትና ሁለት ሠሪ?

ኅዳር 7
ለሚስቴ ለይታይሽ ወንድሟ ከአሰብ የጃፓን ሰዓት ላከላት። ጆሮዬ ላይ አደረግኋት... እንደ ጫጩት ልብ ትሮጣለች። «ይቺ ትቀድማለች» አልኩ። ከፍቼ ማስተካከያዋን ወደ መቀነሻው ገፋሁት። ሰዓት ሠሪ ማግባት ለመቼ ነው?

ኅዳር 11
ሰዓቷ ወደ ኋላ ቀርታባት የምትሠራበት ጤና ጣቢያ አርፍዳ ገባች። በውይይት ክበብ ግለ ሂስ አስደረጓት። አኩርፋኛለች።

ኅዳር 12
ደምለው ጋ ወሰደቻት! በሱቄ መስኮት አየሁ። ትስቃለች። እኔ ጋ መቼ እንዲህ ሳቀች?
ማታ፣ «ምን አለሽ?»
«‹መፍጠን ሌላ፣ መቅደም ሌላ› አለኝ።»
«ፈላስፋ ነዋ!»
«አይ፣ ሰዓት ሠሪ ነው።»

ኅዳር 15
ሰዓቷን አውልቃ ልብስ ልታጥብ ወንዝ ወረደች። ከፈትኳት። ማስተካከያዋን ትንሽ ነካሁት... በእሱ ይሳበባል።

ኅዳር 18
ዛሬም አረፈደች። በቀጥታ እሱ ጋ። ሲዋረድ ልይ ብዬ ተከተልኳት። ክዳኗን ከፈተ። አየ። ቀና ብሎ እኔን አየ። ዐወቀ።
«ይቅርታ እትዬ ይታይሽ፣ እኔው ነኝ ያበላሸኋት» አላት።
ምነው ባዋረደኝ! ሙያውንስ እሺ... ይህንንም ይብለጠኝ?

ኅዳር 19
«እኔ ነኝ የነካኋት» አልኳት። እሷም፣ «ለእሱስ ነግረኸዋል?»

ኅዳር 20
ነገርኩት። እንዳልሰማ ሆነ። በግራና በቀኝ ጆሮዬ ሁለት ሰዓት ያዘልኝ።
«ጋሼ ሸጋው፣ ይህች በሴኮንድ አምስት ትመታለች። የእትዬ ይታይሽ ዓይነቷ አሥር። አህያና በቅሎ ጎን ለጎን እስከ ድብ ባሕር ከተማ ቢወርዱ፣ አህያዋ ቶሎ ቶሎ ስለረገጠች ቀድማ ትገባለች?»
«ታዲያ ምቱን ማብዛት ምን ይረባል?»
«እጅዎ ሲወዛወዝ ብትናወጥ እንኳ ቶሎ ወደ ልኳ ትመለሳለች።»
ገባኝ። ገባኝና ተናደድኩ።

ታኅሣሥ 6
ሙያውን ልማር ብዬ ጠረጴዛዬን ከእሱ አጠገብ ካደረግሁ ሳምንት ሆነኝ። አንድ ሚሊሻ ምቷ ፈጣን የሆነ ሰዓት ይዞ መጣ። «ማናችሁ ናችሁ ባለሙያው?» አለ።
«ለዚህችኛዋ እሱ» አልኩ። መረረኝ። ግን አልኩ።
ይታይሽ ለሁለታችንም ምሳ አመጣች። መጀመሪያ ለእሱ አቀረበች። እንግዳ ስለሆነ ነው... መሆን አለበት።