በእበት የተለሰነው የመቱ ቴኒስ ሜዳ

ረቡዕ፣ ኅዳር 3፤ ማለዳ 1 ሰዓት
ጠርጌ ጨረስኩ። ቅጠል፣ የወፍ ኩስ፣ ጉሬዛ ግጦ የጣለው ፍሬ። ሮሎውን ሁለት ዙር ጎተትኩ፤ ሮሎ የምንለው ሲሚንቶ የሞላንበትን በርሜል ነው። መሬቱ ለጥ ብሏል፣ ገብስ ቢወቃበት አንድ ፍሬ አይጠፋም።

ደብተሬ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የምትጽፍብህ ልጄ አስካለ ናት፣ አስተማሪዋ። የምለውን እንጂ የምታስበውን እንዳትጽፍ አስጠንቅቄያታለሁ።

ሜዳውን የሚያዘው የአውራጃ ጽ/ቤት አዲሱ ጸሐፊ መጣ። ወጣት፣ ነጭ ቁምጣ። ጎንበስ ብሎ መሬቱን አሸተተ። በምን ተለሰነ አለ። በእበትና በኩይሳ አፈር አልኩት። ፊቱ ተኮማተረ። የጎሬ ሹማምንት እሑድ ሳምንት ለግጥሚያ ሲመጡ እበት ላይ ልናጫውታቸው ነው ወይ አለ። ተፍቆ ይነሣ፣ የወንዝ አሸዋ ይልበስ አለ። አውድማ በምን እንደሚለሰን አባቱን አይጠይቅም! ደብተሬ፣ ይህን ለአንተ ነው የምለው። ለእሱ እሺ ጌታዬ ብያለሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 5
ፍቄ ጨረስኩ። ስምንት ዓመት የለሰንኩትን በሁለት ቀን። ወገቤ ተቆረጠ። ከሶር ወንዝ የመጣው አሸዋ ተነሰነሰ። ለዓይን ያምራል። የመቱ ድመት ሁሉ ወዶታል። ለምን እንደወደደው አልናገርም።

እሑድ፣ ኅዳር 7፤ 10 ሰዓት
ልምምድ። ኳሷ አሸዋው ላይ ወደቀች፣ እዚያው ተኛች። ጸሐፊው ሊደርስባት ሮጠ፣ እግሩ ከዳው፣ በቂጡ ቁጭ። የፖስታ ቤቱ ሹም ሳቁን በራኬት ሸፈነ። ራኬት ደግሞ ሁለመናው ቀዳዳ ነው። ሃ!

ከዚያ ቁጣው ወደ እኔ ዞረ። ያበላሹት እርስዎ ነዎት አለ። እስከ እሑድ ካልተስተካከለ ቁልፉን አስረክቤ ቤቴ እቀመጣለሁ፣ ጠባቂ ከጎሬ ይመጣል። በእበት ከሆነ እችላለሁ አልኩ። ፊቱን አዞረ። በፈለጉት ያድርጉት፣ ብቻ አይሽተት አለ።

ችግሩ፦ ዓርብ ኅዳር ሚካኤል ነው። በሚካኤል አፈር አልነካም። ልሰናው ሐሙስ ማለቅ አለበት።

ሰኞ፣ ኅዳር 8
አሸዋውን ጠርጌ አወጣሁ። ኩይሳ ሞልቷል። እበት ግን ለዚህ ሁሉ ሜዳ? አሥራ አንድ ላም ያላት ከሜዳው በታች ያለችው መበለት ብቻ ናት፣ አዴ ጫልቱ። ሄድኩ። ከደጇ አላስገባችኝም።

— ያ ጃርሳ፣ አንተ ሽማግሌ! ዶሮዬን በድንጋይ ያባረርክ አንተ አይደለህም?

— ሜዳዬን ስለጫረች ነው።

— እንግዲያው ሂድና እበቱንም ከዶሮዬ ለምን!

ለመንኩ። ከዶሮዋ ሳይሆን ከእሷ። ቡናዋ ተለቅሟል፣ ግቢዋ ቁልቁለትና ረግረግ ነው፣ ቀዩ ፍሬ በጆንያ ውስጥ ሊሻግት ደርሷል። እበቱን ውሰድ አለችኝ፤ ከግጥሚያው ማግሥት ጀምሮ ግን ቡናዬ ደርቆ ጀንፈል እስኪሆን ሜዳው የእኔ ነው አለች። ሹም እንኳ በቆዳ ጫማ የማላስረግጠው ሜዳ! ሚካኤል ምስክሬ፣ እሺ አልኩ። አስካለ ትስቃለች። ጻፊ እንጂ!

ረቡዕ፣ ኅዳር 10
ኩይሳውን ነፋሁ። ከእበቱ ጋር በእግር ረገጥኩት፣ እንደ ሊጥ እስኪሳብ። ልሰናው በመዳፍ ነው፣ ከዳር ተነሥቶ ወደ ኋላ እያፈገፈጉ። አዴ ጫልቱ ሳልጠራት ምራቶቿን ይዛ መጣች። ወንድ ሲለስን ልጅ የሚያባብል ይመስላል ብላ አሳቀችብኝ። ከእኔ ትፈጥናለች። አስካለ፣ ይህን ሰርዢው። ተይው፣ እውነት ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11፤ 9 ሰዓት
የመጀመሪያው ልሰን ተሰነጣጠቀ። ደነገጥኩ። ሁለተኛውን ቀጠን አድርጌ፣ አመድ ጨምሬ ደረብኩበት፤ አመድ ሽታም ይገድላል። ደመና ከጎሬ በኩል። ክፉ ነገር ሁሉ የሚመጣው ከጎሬ ነው። ዘነበ። ስድስት ጠብታ። ቆጥሬዋለሁ። ሄደ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13
ትናንት ሚካኤል ነግሦ ገባ፣ ፀሐዩ ሥራዬን ሠራልኝ። ዛሬ ሮሎ፣ ከዚያ መስመር። ሜትር አላውቅም፤ ገመዴ ላይ ቋጠሮ አለ፣ ሜዳው በሙሉ እሱ ላይ ተቋጥሯል። ገመዱን ወጥሬ፣ ኖራ በተበሳ ጣሳ እያፈሰስኩ ሄድኩ። ጸሐፊው መጣ፣ ጎንበስ አለ፣ አሸተተ። እንደገና አሸተተ። አፍንጫውን ጠራርጎ ሄደ።

እሑድ፣ ኅዳር 14
ኳሷ እንደ ግልገል ዘለለች። መቱ ተሸነፈች። የእኔ ጥፋት አይደለም። አንድ ቦርጫም የጎሬ ሹም መሬቱን በእጁ ዳሰሰና በምን ተሠራ ብሎ ጠየቀ። ጸሐፊያችን ደረቱን ነፍቶ፦ የእኛ የመቱ ጥበብ ነው አለ። የላሞቹን ነገር ዋጠው።

ሰኞ፣ ኅዳር 15፤ 11 ሰዓት
ጠዋት ቡናው መጣ። ከመስመር እስከ መስመር ቀይ። ኖራዬ ሁሉ ተሸፈነ። ግን ያምራል፣ አይካድም።

10 ሰዓት ላይ ጸሐፊው ራኬቱን ይዞ ደረሰ። ከጎሬ ጋር የመልስ ግጥሚያ አለ፣ ልምምድ ዛሬ ይጀመራል።

— ጋሼ ወርቁ፣ ይሄ ምንድን ነው?

— ቡና ነው።

— ቡና መሆኑንማ አየሁ!

ቃል መስጠቴን ነገርኩት። አሁኑኑ ካልተነሣ ነገ ጠዋት ቁልፉን ጽ/ቤት ያምጡ ብሎኝ ሄደ። አዴ ጫልቱ ሰምታ ኖሯል። ዲሲ፣ ተወው፣ እንጀራህ ነው እያለች ቡናውን ወደ ጆንያ መመለስ ጀመረች። ጆንያውን ከእጇ ነጥቄ መልሼ አፈሰስኩት።

ቆርጫለሁ። ነገ ጽ/ቤት አልሄድም። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ከፈለገ መጥቶ ይውሰድ፤ ሜዳው መካከል ቡና እያገላበጥኩ ያገኘኛል። ግን ጫማውን አውልቆ ነው የሚገባው።