መጋረጃው ስንት ኪሎ ይሸከማል

ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አራተኛው ቀን

ዓለሜ፣ ልጄ፣

ልጅቷ ትናንት ከሰዓት በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ዕድሜዋ አሥራ ሦስት ነው። ወገቧ ላይ ብረት ገብቶላታል፤ ዛሬ ጠዋት ሐኪሙ የእግሯን ጣቶች ሲነካካ አልተሰማትም።

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ድሮው ደረጃ ላይ ያስቸግረኛል እንጂ ሌላ የሚያሰጋ ነገር የለብኝም። አንቺስ ብርዱን እንዴት ያዝሽው? ያለፉትን ሦስት ደብዳቤዎች እንዳገኘሻቸው ፖስታ ቤቱ ነግሮኛል፤ ለምን አልመለስሽም ብዬ አልጠይቅሽም። ይህን አራተኛውን ግን እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ልጅቷን አላውቃትም ነበር። ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት ከጓደኞቿ ጋር ተወራርዳ፣ ከትምህርት ቤቷ ቤተ መጻሕፍት ሁለተኛ ፎቅ በመጋረጃ ልትወርድ ሞከረች። መጋረጃውን ከመስኮቱ ብረት ጋር አሰረች፣ ቋጠሮውን ሁለቴ አጠበቀች፣ ጫማዋን አወለቀች። መሬት ሳትደርስ ተቀደደ። ቦርሳዋ ውስጥ የተገኘው አራተኛው መጽሐፌ ነው፣ ጀግናዋ ጭልፊት በመጋረጃ ከመዝገብ ቤቱ የምታመልጥበት። ገጹ ታጥፏል። ስለ ቋጠሮው የጻፍኩት በእርሳስ ተሰምሮበታል።

ጭልፊትን የፈጠርኳት ላንቺ ነበር። ደም የሌለበት፣ ስድብ የሌለበት፣ ግን እራት የሚያስረሳ ልብ አንጠልጣይ ታሪክ ስጠኝ አልሽኝ፤ ሰጠሁሽ። ከሌሎቹ ደራሲዎች እለይበታለሁ ብዬ የምኮራበት አንድ ነገር ነበረኝ። የጋዜጣ ሰው ስለሆንኩ ሳልለካ አልጽፍም። በየመጽሐፉ መጨረሻ ገጽ ላይ «በዚህ መጽሐፍ ያለ ርቀት፣ ቋጠሮና ደቂቃ ሁሉ በደራሲው ተፈትሿል» የሚለውን ያስገባሁት እኔው ነኝ።

የመጋረጃውንም ለክተናል፤ አንቺ ታውቂያለሽ። በጋዜጣው መዝገብ ቤት መስኮት፣ ስድስት ሜትር ከአርባ፣ አርባ ኪሎ አሮጌ ጋዜጣ በጆንያ ሞልተን በመጋረጃ ቁልቁል ለቀቅን። አንቺ ከታች ሆነሽ ሰዓት ያዝሽ። ሦስት ጊዜ ሞከርን፣ ሦስቴም ተቀደደ። የጥበቃው ሽማግሌ ጋዜጣው ሲበተን አይቶ «ዛሬ ደግሞ ወሬውን በመስኮት ነው እንዴ የምታወጡት?» ብሎ ሳቀብን። በመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ ጭልፊት ወድቃ ቁርጭምጭሚቷ ይሰበራል፤ አሥራ አንድ መስመር። አንቺ አንብበሽ ከልኬቱ ወረቀት ግርጌ ላይ «አባዬ፣ መውደቋን እንዳትሰርዘው» ብለሽ ጻፍሽ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርሽ።

አዘጋጄ፣ መቀስ ብለሽ ስም ያወጣሽለት፣ ረቂቁን ይዞ መጣ። ወላጆች ንጹሕ ነው ብለው አምነው መጽሐፉን ለልጆቻቸው እንደሚሰጡ፣ አጥንት ሲሰበር ልጆች ማንበብ እንደሌለባቸው ነገረኝ። «ጋሼ፣ ምን ቸገረዎት፤ መጋረጃው ይሸከማት» አለኝ። አሥራ አንዱን መስመር ሰረዝኩ። የመጨረሻውን ገጽ ግን አልነካሁትም።

ባለፈው ቅዳሜ ሆስፒታል ሄድኩ። አባቷ በያጅ ነው፤ እጁ ላይ የእሳት ፍንጣሪ ያቃጠላቸው ነጠብጣቦች አሉ። አልጮኸብኝም። ወንበሩን ለቀቀልኝና ቆመ። ቆይቶ «እኔ የበየድኩት መሰላል ሰው ቢጥል ሰዉ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነው» አለ። «እርስዎ ዘንድ ማን ይመጣል ብዬ ሳስብ ነበር። መጡ።»

ልጅቷ ነቅታ ነበር። ጓደኞቿ እንደሚያሾፉባት፣ ክብደቷ ሠላሳ ስምንት ኪሎ ብቻ እንደሆነ፣ ቋጠሮውን እንደተጻፈው እንዳሰረችው በዝርዝር ነገረችኝ። የተሳሳተችው የት ላይ እንደሆነ ማወቅ ነው የምትፈልገው።

«ለክተውታል አይደል፣ አባባ?»

«ለክቻለሁ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። «እንግዲያው ጥፋቱ የኔ ነው።»

አባቷ ትራሷን አስተካከለላት። ተሰናብቼ ወጣሁ።

ትናንት ጠዋት መቀስ ወረቀት ይዞ መጣ፤ ጸጉሩ ሸብቷል፣ አሁን የአሳታሚ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ነው። በመጨረሻው ገጽ ያለው ቃል ለማስታወቂያ ያህል የተጻፈ እንደሆነ፣ ምንም ፍተሻ እንዳልተደረገ ፈርሜ እንዳረጋግጥ ነው የሚለው። ከፈረምኩ ነገሩ የልብ ወለድ ጉዳይ ሆኖ ይዘጋል፤ መጽሐፉም በየትምህርት ቤቱ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ካልፈረምኩ ስድስቱም የጭልፊት መጻሕፍት ይሰበሰባሉ፣ ተጠያቂውም እኔ እሆናለሁ። «ጋሼ፣ ልብ ወለድ እኮ ሰው አይሰብርም» ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ። ወረቀቱ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ ከጨው ዕቃው ሥር ነው ያለው።

ያን ዓመት የሰረዝኩት የመጽሐፉን መስመር ብቻ አልነበረም። እናትሽ ሆስፒታል ነበረች። ሐኪሙ የነገረኝን ትቼ ቅዳሜ ትመጣለች አልኩሽ። አልጋዋን አነጠፍሽ፤ እሷ ግን አልተመለሰችም። አሥራ አንዱን መስመር የሰረዝኩት ዓርብ ዕለት ነው።

የልኬቱ ወረቀት አንቺ ዘንድ ነው፤ ስትሄጂ ከደብተሮችሽ ጋር በሰማያዊው ካርቶን ወስደሽዋል። ቀኑ፣ ኪሎው፣ ሦስቱም ሙከራዎች በእጅሽ ተጽፈዋል። ላኪልኝ። ያለ ወረቀቱም እውነቱን መናገር እንደምችል አውቃለሁ፤ ባለፈው ቅዳሜ ለልጅቷ ግን አልተናገርኩም። የልኬቱ ወረቀት እጄ ከገባ የመቀስን ወረቀት መፈረም አልችልም። ወስጄም ለልጅቷ አሳያታለሁ፤ የጻፍሽውንም ታነበዋለች።

ባትልኪውም አልቀየምሽም። የምትረግጪው መሬት ይጽናልሽ፣ ልጄ፤ ሲከፋሽ ከፋኝ የምትይው ሰው አይጥፋብሽ።

ሐኪሞቹ ስለ እግሯ ቁርጡን የሚናገሩት በዚህ ወር ሃያ ስምንት ነው። ድርጅቱ ፊርማዬን የሚጠብቀው በማግስቱ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው።

አባትሽ