ያልተገዛው መፈተሻ

ላሊበላ፣ ሰኔ 12 ቀን 1977 ዓ.ም.

ውድ እትዬ ስሜነሽ፣

ደህና የሚሠራ ነገር ለምን ይፈተሻል? እርስዎም አንድ ቀን ይህን ሳይጠይቁ አልቀሩም። እኔን የጠየቁኝ አለቃዬ ናቸው። ሰባት ገጽ ጽፌ መለስኩ፤ ዛሬም ግን የመለስኩ አይመስለኝም።

ማን እንደሆንኩ ሳያስታውሱ አይቀሩም። መጋቢት ላይ የእርዳታ ስንዴ ሲታደል ረጅሙን ወረቀት ይዤ ስም የምጠራው የኩልመስክ ልጅ ነኝ። ወረቀቱ ኮምፒዩተር በሚሉት ማሽን በፈረንጅ ፊደል የታተመ ስለነበር ከእኔ በቀር የሚያነበው አልነበረም። እርስዎ ልጅዎን ዘነቡን አዝለው ከብልባላ በእግርዎ መጥተው ነበር። "ስሜነሽ አለሜ!" ብዬ ስጣራ ሌላዋ ስሜነሽ አለሜ ቀድመው ደረሱና ስንዴውን ወሰዱ። እርስዎ ተራዎን ጠበቁ። ወረቀቱ አለቀ።

"የኔስ?" አሉኝ።

"አንድ ስሜነሽ አለሜ ብቻ ነው ያለው፣ እትዬ።"

"ኤዲያ! እሷ የወንዙ ናት፤ እኔ የአፋፉ። ገብረመስቀል አይደል የመዘገበን? ጠይቂው!"

የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ገብረመስቀል ደብተሩን ገልጦ በጣቱ አሳየኝ፦ ስሜነሽ አለሜ የወንዝ፣ ስሜነሽ አለሜ የአፋፍ። "እኛ አገር ስም ብቻውን ሰው አይለይም፣ እህቴ" አለኝ። "ይሄን ለማሽንሽ አልነገርሽውም?"

ሰው ማጉረምረም ሲጀምር ደነገጥኩና "ማሽን አይሳሳትም!" ብዬ ጮህኩ። እርስዎ ትክ ብለው አዩኝ። "ፊደል ቆጥሬ ነበርኮ" አሉ፤ "የገዛ ስሜን የማላነብበት ወረቀት ታመጭብኝ?"

እትዬ፣ ማሽኑ እንደሚሳሳት እጠረጥር ነበር። ፕሮግራሙን አዲስ አበባ ከጻፉት ሦስት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ። አንድ ሰው ሁለቴ እንዳይቀበል ብዬ፣ ስምና የአባት ስም ከተመሳሰለ የመጀመሪያውን አስቀርቶ ሁለተኛውን እንዲሰርዝ ያዘዝኩት እኔው ነኝ። አፋፍና ወንዝ የሚጻፍበት ቦታ ግን አልሰጠሁትም። ያኔ ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁት ገና በቅርቡ ነበር፤ ምሳ እንኳ እየረሳሁ ስሠራ፣ በዚህ ማሽን አገር የማድን ይመስለኝ ነበር።

ኅዳር ላይ ግን ሥጋት ገባኝና መፈተሻ እንዲገዛ አመለከትኩ። መፈተሻ ማለት ከውጭ በዲስኬት የሚመጣ ሌላ ፕሮግራም ነው። የገብረመስቀልን ደብተር ማሽኑ ካወጣው ዝርዝር ጋር አስተያይቶ፣ መኪናው ሳይጫን "እነ እገሌ ቀርተዋል" ይላል። ሌላ ሥራ የለውም።

አለቃዬ ጓድ አራጋው ማመልከቻዬን እስከ መጨረሻው አነበቡት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ድርቁ ከገባ ወዲህ ከስተው የለበሱት ኮት ሰፍቷቸዋል።

"ልጄ፣ ይሄ በውጭ ምንዛሪ ነው የሚገዛው። ያው ምንዛሪ ስንዴ ያመጣል። ስንዴውን ትቼ የስንዴ ወረቀት መፈተሻ ገዛሁ ብል የበላዮቼ ምን ይሉኛል?"

"ስሕተት ቢኖርስ ጓድ?"

"አለ?"

"አላውቅም። እሱን ለማወቅ ነው መፈተሻው።"

ሳቁ። "እንግዲያ መጀመሪያ ስሕተቱን አምጪልኝ፤ መፈተሻውን ከዚያ እንገዛልሻለን።"

አሁን ለማንም ያልተናገርኩትን ልንገርዎት። ያን ቀን እርስዎ ፊቴ ቆመው ሲያለቅሱ፣ ልቤ ውስጥ አንድ ነገር በደስታ ዘለለ። "ስሕተቱን አገኘሁት!" አለ። ሹፌሩ አባስ ጠጋ ብሎ፣ "ከታች በእስክሪብቶ ጻፊያትና ትውሰድ እንጂ፣ ማን ያያል?" አለኝ። እስክሪብቶው እጄ ላይ ነበር። ደንቡ አይፈቅድም አልኩት። ውሸቴን ነው። በእጄ ከጻፍኩዎት ዝርዝሩ ሙሉ ይሆናል፤ ስሕተቱ ይጠፋል፤ እኔም የማሳየው አጣለሁ ብዬ ነው። ስንዴዎን ለማስረጃ ስል ከለከልኩዎት። "በሚመጣው ወር ይስተካከላል" ብዬ ባዶ እጅዎን ሰደድኩዎት።

የእርስዎን ስም ጠቅሼ እንደገና አመለከትኩ። በሚያዝያ መልስ መጣ፦ "የተጠቀሰችው ግለሰብ በተረጂዎች ዝርዝር ውስጥ ስላልተገኘች የቀረበው ማስረጃ ተቀባይነት የለውም።" ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ልፈልግዎት ብልባላ ወረድኩ። ደጅዎ በእሾህ ተዘግቷል። ገብረመስቀልን አገኘሁት።

"ለሰፈራ ተመዝግባ መተከል ሄደች" አለኝ። "እዚያኛው ዝርዝር ላይ ስሟ አልጠፋም።"

በመጣሁበት መንገድ ወደ ላሊበላ ተመለስኩ።

ያው ፕሮግራም በሐምሌ ወደ ኩልመስክ ይሄዳል። እኛ መንደር ብቻ አራት ዓለምእሸት ከፋለ አሉ፤ አንዷ አክስቴ ናት። ለጓድ አራጋው ይህንንም ነገርኳቸው። "ገና ያልሆነ ነገር ነው፤ የሆነውን አምጪ" አሉኝ። የሆነው እርስዎ ነዎት። ያለ በላይ ፈቃድ ፕሮግራሙን መንካት ስለማይቻል፣ ሁለተኛውን ስም የሚሰርዘውን ደንብ ላስቀይር እሮጣለሁ፤ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው እመላለሳለሁ፤ አንዳንድ ቀን ግን ደረጃው መሀል ቆሜ ለምን እንደምወጣ ይጠፋብኛል።

ይቅርታ አልለምንዎትም፤ ያንን የመለመን ፊት የለኝም። የምለምንዎት ደብዳቤ ነው። አባስ ወደ መተከል ተመድቦ እየሄደ ስለሆነ ይህን በእጁ ሰጥቼዋለሁ፤ መልሱንም እሱው ያመጣልኛል። "እኔ የአፋፉ ስሜነሽ አለሜ በመጋቢት ስንዴ አልደረሰኝም" ብለው በራስዎ እጅ ይጻፉልኝ፤ ከማመልከቻዬ ጋር አያይዘዋለሁ። ላልዋሽዎት፣ ደብዳቤዎን ይዤ ብገባም አለቆቼ ሌላ ምክንያት የሚያገኙ ይመስለኛል።

ቢሆንም ይጻፉልኝ፣ እትዬ። እነሱ መፈተሻውን ባይገዙትም፣ በሕይወት መኖርዎን እኔ ልወቅ።

መልስዎን የምትጠብቅ፣
እታገኘሁ ወልደ ጊዮርጊስ