የማድረቂያው ቤት ዘፈን

እንደ እህትም እንደ እናትም ለሆንሽኝ እታለም፤

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ ደረጃ ያስወጣሽ ጀመር? ጋሼንስ ሳሉ ለቀቃቸው? እኔ በፈጣሪ ቸርነት ደህና ነኝ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ብቻ የምበላው ሁሉ ውሃ ውሃ ይለኛል።

ፋብሪካችን አዲስ ሕግ አውጥቷል። ለሳል ሽሮፓችን ቅጠል የሚሸጡልን ሰዎች ሠራተኞቻቸውን እንዴት እንደያዙ ሳናይ ከእንግዲህ አንገዛም። ሊያዩ ከሚሄዱት ጋር ጠርሙስ ከምንሞላው ሠራተኞች አንዳችን ይሂድ ተባለና ዕጣው እኔ ላይ ወደቀ። የግዢ ኃላፊያችን ሴትዮ ዝም ብለህ እይ አለችኝ። ማየትማ ማን ይከለክለኛል!

የሄድንበት የቅጠል ማድረቂያ ቤት ረጅም ነው፤ መስኮት የሚባል የለውም። ቅጠሉ መደርደሪያ ላይ ተነጥፎ ከሥር በሚነፍስ ሙቀት ይደርቃል። ሠራተኞቹ ሴቶች ቅጠሉን እያገላበጡ ሳያቋርጡ ይዘፍናሉ፤ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ሽታው ማር ማር ይላል። ኃላፊያችን፣ እዚህስ ሠራተኛው ደስተኛ ነው ብላ ጻፈች፤ እኔም በልቤ አሜን አልኩ። ግድግዳውን ተደግፌ ሳዳምጥ እግሬ መሬቱን የለቀቀ መሰለኝ። ባለቤቴ መጣች፣ እታለም። በቅጠሉ መሃል፣ አረንጓዴ ሻሿን አስራ፣ ልብስ ስታጥብ እንደነበረችው እጇ እርጥብ ሆኖ። ልትናገረኝ አፏን ስትከፍት ሴቶቹ በብብቴ ገብተው ጎተቱኝ። በሩ ላይ ስነቃ አንዲት አሮጊት ሠራተኛ፣ "አይ ወንድ! አንድ ዘፈን እንኳ ሳያስጨርስ!" እያለች ትስቃለች። ሌሎቹም ተንከተከቱ።

ለካ ዘፈኑ የደስታ አይደለም። ቅጠሉ ሲሞቅ ትነቱ ያፈዛል። ድምፅዋ የጠፋውን ሴት ጓደኞቿ ጎትተው ያወጧታል፤ የሚተኛ ሰው አይዘፍንማ! መስኮት ቢኖር ቅጠሉ ቶሎ አይደርቅም፤ እኛ ደግሞ የማድረቂያውን ጌታ ቶሎ አምጣ፣ አርክስ እያልን እንነዘንዘዋለን።

ኃላፊያችን ደንግጣ የጻፈችውን ሰረዘችና ከዚህ ሰው መግዛት አበቃ አለች። ያኔ የአሮጊቷ ሳቅ ጠፋ። "ልጄ፣ ቤቱን አስተካክሉልን እንጂ ጉሮሯችንን አትዝጉት" አለችኝ። ቃሏ አላስተኛኝም። በፋብሪካው ስብሰባ ላይ፣ ዝም ብሎ እንዲያይ የተላከው ወንድምሽ አፉን ከፈተ። ጥድፊያው የእኛ ነው፤ ቀስ ብሎ ለሚደርቅ ቅጠል ጊዜውን እንስጥ፣ ጭማሪውንም እንክፈል አልኩ። ኃላፊያችንም ይሁን አለች። ግድግዳው ተከፍቶ መስኮት እስኪወጣ ቅጠል አንቀበልም፤ የሴቶቹ ደሞዝ ግን እስከዚያው እኛ በምንሰጠው ቅድመ ክፍያ ይከፈላል።

ማክሰኞ ግንበኛው ይገባል፤ እኔም እንድገኝ ታዝዣለሁ። ካንቺ ምን እደብቃለሁ፣ ግድግዳው ከመከፈቱ በፊት ለአንድ አፍታ ብቻዬን ገብቼ ልደገፈው ብዬ ተመኝቻለሁ። ባለቤቴ ምን ልትለኝ ነበር? እሷ ትሁን ትነቱ ፈጣሪ ያውቃል። ስጸልይበት ሰነበትኩና ወሰንኩ፤ የመጀመሪያውን መዶሻ ግድግዳው ላይ እኔ እንዳሳርፍ ግንበኛውን እለምነዋለሁ።

ጋሼን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ትልቋን ልጅሽን፣ እነዚያን ሁለት ነገረኛ መንትዮች፣ ደብዳቤዬን የምታነብልሽን ጎረቤትሽንም በያሉበት ሰላም በይልኝ።

ናፋቂ ወንድምሽ

ከፋብሪካው ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣ ጥቅምት ፲፩ ቀን