ጠዋት የማይታጠፉ ጣቶች

ልደታ፣ ኅዳር 18 ቀን 1980 ዓ.ም.

ውድ ዙሃራ፣

አንቺ፣ ባለቤትሽ በከርና ልጃችሁ ቀመሪያ እንዴት ናችሁ? ቡታጅራ ከገባችሁ ስድስት ዓመት ሊሞላ ነው፤ እኔ አንድ መስመር እንኳ አልጻፍኩልሽም። ዛሬ ብዕር ሳነሳ «አታፍሪም እንዴ?» ትዪኝ ይሆናል። አፍሬያለሁ። ይኼ ሦስተኛው ወረቀት ነው፤ ሁለቱን ቀድጃቸዋለሁ። ሁለቱም ላይ «ሕመምሽን አላወቅኩልሽም ነበር» የሚል ውሸት ጽፌ ነበር።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ አዱኛ የሚባል የሕክምና ተማሪ ነው። የስፌት ማኅበራችን ጸሐፊነቴ እንዳለ ሆኖ፣ እሑድ እሑድ ለተማሪዎች ታይፕ እመታለሁ። የሱ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ነው፤ ምኑም አይገባኝ፣ ፊደሉን እያየሁ ብቻ ነው የምመታው። ኢንዛይም የሚባል ነገር በየገጹ ይመጣል። ሲሰለቸኝ «ኧረ ይኼ ኢንዛይም ምንድነው፣ አደከመኝ እኮ!» አልኩት።

ሳቀና ያስረዳኝ ጀመር። አጥንትና አጥንት ሲገናኙ እንዳይፋጩ መሀላቸው ልም አጥንት አለ፤ ሥጋ ስንበላ ጥርስ ላይ ቋ ቋ የሚለው ማለት ነው። ኢንዛይም ደግሞ ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ቆራጭ ነው አለኝ፤ ያረጀውን እየቆራረጠ ለአዲሱ ቦታ ያስለቅቃል። አንዳንድ ዓይነት ቁርጥማት የያዘው ሰው ላይ ግን መገጣጠሚያው ይቆጣል፣ ቆራጩ ከልክ በላይ ይበዛል፣ ጤነኛውን ልም አጥንት ይበላዋል።

«ከውጭ የገባ ጀርም ነው?» አልኩት።

«አይደለም እትዬ ሸዋዓለም፣ የራስ ሰውነት ነው። እነዚህን በሽተኞች ሐኪሞች የሚለዩዋቸው ጠዋት ነው። ሲነሱ ጣታቸው አይታጠፍም፤ አንድ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ነው የሚፍታታው። ከሰዓት በኋላ ቢያዩዋቸው ምንም የሌለባቸው ይመስላሉ። ሰው አስመሳይ ይላቸዋል» አለኝ።

ወደ ታይፑ ተመለስኩ፤ መስመር ስቼ አንድ ሙሉ ገጽ አበላሸሁበት።

ያን የጥር ስብሰባ መቼም አትረሺውም። የሚሊሺያው ዩኒፎርም ኮታ ጎድሎብን፣ ሊቀመንበራችን ጓድ ነጋ «ሒስና ግለ ሒስ» ብሎ ሁላችንንም ሰበሰበ። «ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መቀስ መያዝ ያቃተው እጅ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ከሁሉ ፈጥኖ የሚሰፋው እንዴት ነው? ሕመም የሰዓት ፊርማ አለው እንዴ?» አለ። ሰው ሳቀ። ተነስቼ «ጓዶች፣ እውነት ነው፤ እኔም ታዝቤያለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ታስመስላለች» ያልኩት እኔ ነኝ። አንቺ ደግሞ፣ የዋህ፣ መከራከር እንኳ አላወቅሽበትም። «ጠዋት አልችልም፣ ከሰዓት እችላለሁ። ለምን እንደሆነ ለኔም አልገባኝም» ብለሽ ቁጭ አልሽ። እሱኑ ጥፋትሽን እንዳመንሽ ቆጠሩብሽ። አሻጥረኛ ተብለሽ ተባረርሽ፤ ደብዳቤውን የመታሁትም እኔው ነኝ። ያን ቃል ይዘሽ ማን ይቀጥርሻል? በሁለት ወሩ የጌጃ ሰፈሩን ቤት ለቀቃችሁ።

አዱኛ ሲያስረዳኝ መጀመሪያ ምን እንደተሰማኝ ልንገርሽ? እፎይታ! «ይኼንን ሐኪም እንጂ ጸሐፊ በምን ታውቃለች» አልኩ ለራሴ። የቀደድኳቸውን ወረቀቶች የጻፍኩት በሱ ተማምኜ ነው። አፈር ልብላ! ዙሃራ፣ ስሙን አላወቅኩትም እንጂ ነገሩን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ። በከር መኪናውን ይዞ አሰብ ሲወርድ፣ ጠዋት በመሀላችን ያለውን ግድግዳ ስታንኳኪ መጥታ የቀሚስሽን ቁልፍ የምትቆልፍልሽ፣ የቀመሪያን ጸጉር የምታስርላት ማን ነበረች? ያበጡትን ጣቶችሽን በእጄ ይዤ ትኩሳታቸውን አውቀዋለሁ። አርፍደሽ ስትገቢም የመግቢያ ሰዓትሽን «ሁለት ሰዓት» እያልኩ ስሞላልሽ ከርሜ ነበር። ነጋ ደረሰበትና በስብሰባው ዋዜማ «ወይ አንቺ ወይ እሷ» አለኝ። ራሴን መረጥኩ። ይኸው ነው።

ባለፈው ሐሙስ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ተነስቼ ይህንኑ ተናገርኩ። ነጋ ከተዛወረ ቆይቷል። አንዳንዱ አንገቱን ደፋ፤ አንዷ «አሁን ምን ያደርግላታል?» አለችኝ፣ እውነቷን ነው። አሻጥረኛ የተባልሽው እንዲሰረዝ ተወስኗል፤ ቃለ ጉባኤው ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። ለሕመሙም መድኃኒት አለው ይላል አዱኛ፤ ቶሎ ሲጀመር ነው የሚሻለው። ስድስት ዓመት ብዙ ነው፣ ከጣቶችሽ ምን ያህሉን እንደበላው እንጃ። ለሕክምና መምጣት ብትፈልጊ እኔው ይዤሽ እዞራለሁ። ዓይንሽን ማየት አልፈልግም ካልሽም አልቀየምሽም።

የስብሰባውን ለሰው «ፈርቼ ነው» ብዬ ላስረዳ እችላለሁ። ሐሙስ ዕለትም ያልተናገርኩት የማግስቱን ጠዋት ነው። ያን ሁሉ ከተናገርኩብሽ በኋላ፣ በማግስቱ ጠዋት ግድግዳውን አንኳኳሽ። ሁለት ጊዜ። «ሸዋዬ» ብለሽም ጠራሽኝ። ነቅቼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። ነጋ አልነበረም፣ የሚያየኝም ሰው አልነበረም። ሰምቼሽ ዝም አልኩ።

ይቅርታሽን የምትለምን፣
ሸዋዓለም